ምዕራፍ አምስት፦ ቤቱ ሻላ፣ ቀለቡ አብያታ

የአዲስ አበባዋ ላምበረት ሰው ቀና ሲል የሚያየው እንጦጦ ዝናብን ለሁለት የሚያካፍል ጋራ ነው። በሰሜኑ ተዳፋት የወረደው ውኃ የሱሉልታን ሜዳ አልፎ ሙገር፣ ከሙገርም ዓባይ ይገባል። በየካ በኩል የወረደው ግን በየመንደሩ ቦይና ጅረት አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ያበቃል። ገብቶ የማይወጣ ውኃ ምን እንደሚሆን ለማየት ግን እስከ አቤ መውረድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ ከዝዋይ አልፎ ሻሸመኔ ሳይደረስ፣ ከመንገዱ በስተቀኝ የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል።

ላምበረት መናኸሪያ የደብረ ብርሃን፣ የደሴና የወልድያ መንገደኛ መሳፈሪያ ስለሆነ ወደ ፓርኩ የሚሄድ ሰው ቃሊቲ ድረስ መውረድ አለበት። በውኃ በኩል ግን የሁለቱ ስፍራዎች ዝምድና ከመናኸሪያዎቹ ይቀድማል። ከ10 ሺህ እስከ 5 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት፣ ሰሃራ እንኳ ሣር ያበቅልና ጉማሬ ያኖር በነበረበት የእርጥበት ዘመን፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበሩ። የዚያ ሐይቅ ገጽ ከዛሬው አብያታ ከ80 ሜትር በላይ ከፍ ይል ነበር። ሞልቶ ሲፈስም በሰሜን በኩል በመቂ አቅጣጫ ተሻግሮ አዋሽ ይገባ ነበር። የእንጦጦ ደቡብ ተዳፋት ዝናብና የእነዚያ ሐይቆች ትርፍ ውኃ በአንድ ወንዝ አብረው ወርደዋል ማለት ነው። ይህን የሚያስረዳው ማስረጃ ዛሬም በዓይን ይታያል። ቡልቡላ ወንዝ ምድሩን እየቆረሰ ባወጣው ገደል ላይ ነጭ የሐይቅ ደለል ተነባብሮ ይገኛል። ደለሉ በእጅ ሲያሹት እንደ ዱቄት ይልማል። አብዛኛው በዚያ ውኃ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ዕፅዋት ትተውት ያለፉት ቅርፊት ነው።

የዝናቡ ዘመን ሲያበቃ ትልቁ ሐይቅ እየወረደ ሄዶ አራት ሐይቅ ሆኖ ቀረ። ዝዋይ ከላይ በመቅረቱ እስካሁን ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ነው፤ ከአርሲ ተራሮች ከታር፣ ከጉራጌ ከፍታዎች መቂ ይገቡበታል፤ ትርፉን ደግሞ በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ ይሰድዳል። ላንጋኖም ጥቂት ውኃ በሆራ ቀሎ ወንዝ ለአብያታ ያካፍላል። ሻላ የራሱ ገባሮች አሉት፤ ጊዱና ደዳባ ይባላሉ። ከአብያታና ከሻላ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም።

ፓርኩ በ1963 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋናው ዓላማ የውኃ ወፎቹን መጠበቅ ነበር። ከ887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋቱ 482ቱ ውኃ ነበር። በካርታ ላይ ሲያዩት ሁለቱ ሐይቆች መንታ ይመስላሉ፤ በመሃላቸው ያለው ጠባብ የኮረብታ ወገብ ብቻ ነው። ተፈጥሯቸው ግን እጅግ ይለያያል። ሻላ ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሬቱ ወደ ውስጥ በተደረመሰበት ጎድጓዳ ስፍራ የተኛ ነው፤ ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል፤ በአገራችን ይህን የሚያህል ጥልቅ ሐይቅ የለም። አብያታ ደልቶት በነበረበት ዘመን እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አልዘለቀም። አንዱን እንስራ፣ ሌላውን ትሪ አድርጎ ማሰብ ይቻላል። ከእንስራ አንድ ጣሳ ቢቀዳ ማንም አያውቅም፤ ከትሪ ሲቀዳ ግን ወዲያው ጠርዙ ይደርቃል። በዚህ ምዕራፍ የምናየው ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

ሻላ ውብ ነው፤ ሆኖም ለዓሣ አይመችም። ውኃው ጥልቅ፣ ጨዋማና ሶዳ የበዛበት ነው። በዳርቻው ፍል ውኃ ይንቦገቦጋል፤ የአካባቢው ሰው ለቁርጥማትና ለቆዳ በሽታ ይታጠብበታል። ከሐይቁ መሃል ብቅ ካሉት ደሴቶች አንዱ ደግሞ ከአፍሪካ ታላላቅ የነጭ ፔሊካን መራቢያዎች መካከል ይቆጠር ነበር። ወፉ እዚያ የሚሰፍርበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ቀበሮም ጅብም ጥልቁን ውኃ ዋኝቶ ደሴቱ ላይ አይወጣም። ፔሊካን እንቁላሉን የሚጥለው በመሬት ላይ፣ በሺዎች ተጠጋግቶ ነው፤ አንድ ቀበሮ ሌሊት ቢገባበት የአንድ ዓመት ትውልድ ይጠፋል። ሰው በጀልባ ቀርቦ ቢያስደነግጠው እንኳ ጎጆውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ እንቁላሉ ለፀሐይና ለአሞራ ይቀራል።

ይህን ሕይወት በቅርብ ያጠኑት ሌስሊ ብራውንና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አሜሪካዊው ኤሚል ኧርባን ናቸው። የሻላን ፔሊካኖች መራባት የሚመለከተውን ጥናታቸውን በ1969 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ዛሬም ስለዚህ ወፍ የሚጽፍ ሁሉ ወደዚያ ሥራ ይመለሳል።

ፔሊካን ከሚበርሩ ወፎች ሁሉ ከባዶቹ ጎራ ነው። ክንፉን እያራገበ ረጅም መንገድ ቢሄድ ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ ማለዳ ተነስቶ አይሄድም፤ ፀሐይ የኮረብታውን ድንጋይ አሙቃ አየሩ ወደ ላይ መንሳት እስኪጀምር ይጠብቃል። ረፋድ ላይ መንጋው ከውኃው ይነሳል፤ ሞቃቱን አየር ሲያገኝ ክንፉን ዘርግቶ እየዞረ፣ እየዞረ ይወጣል። ሲታጠፍ ሆዱ በፀሐይ ነጭ ያበራል፤ ሲመለስ የክንፉ ጥቁር ጫፍ ብቻ ይታያል። አብያታ ዓሣ በነበረው ዘመን በቂ ከፍታ ሲያገኝ ወገቡን ተሻግሮ እዚያ ያርፍ ነበር። ዓሣ የሚያጠምደውም በኅብረት ነው። ወፎቹ በግማሽ ክብ ተሰልፈው ዓሣውን ወደ ጥልቀት የለሽ ዳርቻ እየነዱ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ሁሉም ምንቃሩን ባንድነት ያጠልቃል። ከምንቃሩ ሥር የተንጠለጠለው ከረጢት ውኃና ዓሣ ባንድ ላይ ይዝቃል፤ ውኃው በጎን ይፈስሳል፣ ዓሣው ይዋጣል። ወደ ደሴቱ ሲመለስ ጫጩቱ ሙሉ ጭንቅላቱን እናቱ ወይም አባቱ ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ የተመለሰውን ምግብ ይበላል። ላላየው ሰው ወላጁ ልጁን የሚውጥ ይመስለዋል። አንድ ፔሊካን ለራሱ ብቻ በቀን አንድ ኪሎ ያህል ዓሣ ይፈልጋል። ጫጩቱ ደግሞ ለመብረር ከሁለት ወር በላይ ስለሚወስድበት ያን ሁሉ ጊዜ ወላጆቹ ሲመላለሱ ይኖራሉ።

ቤቱ ሻላ፣ ቀለቡ አብያታ የነበረ ወፍ ነው እንግዲህ። የፓርኩ መሥራቾች ይህን ያውቁ ነበር፤ ሁለቱንም ሐይቆች በአንድ ድንበር ውስጥ ማስገባታቸው ትክክል ነበር። የድንበሩ መስመር ያላቀፈው ውኃው የሚመጣበትን መንገድ ነው። ቡልቡላ ከፓርኩ ውጭ ነው፤ ዝዋይም፣ መቂም፣ ከታርም እንዲሁ። በእኔ እምነት አብያታ ውኃው እየጎደለ የደረሰበት መከራ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በዝግታ እንየው። በዚያ ሸለቆ ከሐይቅ ገጽ ላይ በዓመት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ውኃ ይተንናል። ዝናቡ ይህን ሊተካ ቀርቶ ግማሹንም መሙላት ይከብደዋል። ጉድለቱን የሚሞላው ወንዝ ነው፤ ወንዙ ሲቀንስ ሐይቁ ይወርዳል። አብያታ ጠፍጣፋ በመሆኑ ደግሞ ውኃው አንድ ሜትር ሲወርድ ዳርቻው ብዙ መቶ ሜትር ይሸሻል። የሚተንነው ውኃ ብቻ ስለሆነ ጨውና ሶዳው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ የቀረው ውኃም ዓመት በዓመት ይከርራል። ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ጨውን በመጠኑ የሚችል ጠንካራ ዓሣ ነው፤ ግን ወሰን አለው። ሶዳው ከወሰኑ ሲያልፍ መጀመሪያ እንቁላሉና ጫጩቱ ያልቃሉ፣ ትልልቁ ይከተላል። የአብያታ የዓሣ ሀብት የጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

ውኃውን ማን ወሰደው? አንዱ ተጠያቂ ዘወትር በስም ይጠራል፤ በደርግ ዘመን በሐይቁ ዳር የተቋቋመው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው የሐይቁን ውኃ ወደ ሰፋፊ ገንዳዎች ስቦ በፀሐይ ያተን ነበር፤ የሚቀረው ሶዳ ለመስተዋት፣ ለሳሙናና ለኬሚካል ሥራ ይውል ነበር። ሶዳ አሽ ለኢንዱስትሪ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ያውም እንደ አብያታ ባለ ጥልቀት የለሽ ሐይቅ ላይ መተከሉ ግን ስህተት ነበር። ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ ብቻ ጭነን ብናልፍ ራሳችንን እናታልላለን። በዝዋይ ዙሪያና በመቂ ሜዳ የተዘረጋው መስኖ የሚጠጣው ውኃ አለ። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶልያ፣ በኋላም ለውጭ ገበያ የሚላክ አበባ። ፓምፑ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይስባል፤ ውኃው በክፍት ቦይ ተጉዞ ማሳ እስኪደርስ ብዙው መሬት ገብቶ፣ ብዙው በፀሐይ ተንኖ ይቀራል።

የዚህ ምርት ዋና ገበያ አዲስ አበባ ናት። ሌሊት ከመቂ የተጫነው ቲማቲም ንጋት ላይ ከተማ ይገባል፤ ረፋድ ላይ በላምበረትና በየካ ጉልቶች በመደብ ተደርድሮ ይሸጣል። ደላላውም፣ ቸርቻሪዋም፣ ለምሳ ወጥ የምትሠራው እናትም አብያታ የሚባል ሐይቅ መኖሩን ላያስቡት ይችላሉ፤ ቢሆንም ሽንኩርቱ ወደ አብያታ ሊሄድ የነበረ ውኃ ጠጥቶ ያደገ ነው። ይህን የምለው ገበሬውን ለመክሰስ አይደለም። ሁለትና ሦስት ጊዜ በዓመት እያመረተ ልጆቹን የሚያስተምር ሰው ውኃውን እንዲተው መጠየቅ አይገባም። ማወቅ የሚገባን የሐይቁ ሒሳብ ውስጥ እኛም መኖራችንን ነው።

ዓሣው ሲጠፋ ፔሊካኑ ሻላን ወዲያው አልተወም፤ ደሴቱ አሁንም ከአውሬ የሚያድን ቦታ ነውና። ምግቡን ግን ከሩቅ ማምጣት ተገደደ። ዝዋይ ሲደርስ ጉዞው ከቀድሞው ብዙ እጥፍ ረዝሟል፤ ለጫጩቱ የሚተርፈውም በዚያው ልክ ያንሳል። ዝዋይ ወደብ ላይ የሚታየውን ትዕይንት ብዙ ተጓዥ ፎቶ አንስቶት ይሆናል። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን አስጠግተው ቆሮሶ ሲሰነጥቁ ፔሊካኖች ከፊታቸው ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ከኋላቸው አባ ኮዳ ራሰ በራውን አቀርቅሮ ይጠብቃል። አጥማጁ አንጀትና ጭንቅላት ሲወረውር ፔሊካኑ አፉን ከፍቶ በአየር ላይ ይቀልበዋል፤ ያልደረሰበትን አባ ኮዳ ይነጥቃል። ልጆች ይስቃሉ፣ ጎብኚው ይደሰታል። በኅብረት ተሰልፎ ዓሣ የሚያጠምድ ወፍ የሰው እጅ ጠባቂ መሆኑን ሳስብ ግን እኔን ያሳዝነኛል።

አብያታ ባዶ ሆነ ማለት ግን አይደለም። ሶዳ የከረረበት ውኃ ለዓሣ ሞት ቢሆንም ለአንዳንድ አረንጓዴ ደቃቅ አልጌዎች የተመቸ ነው፤ አልጌው ደግሞ የትንሹ ፍላሚንጎ ምግብ ነው። ፍላሚንጎ ጭንቅላቱን ቁልቁል ደፍቶ ምንቃሩን ውኃው ውስጥ ገልብጦ ይይዛል፤ ምላሱ እንደ ፓምፕ ውኃውን ያስገባና ያስወጣል፤ በምንቃሩ ጠርዝ ያሉት ጥቃቅን ፀጉር መሰል ማጥለያዎች አልጌውን ያስቀራሉ። ሮዝ ቀለሙንም የሚያገኘው ከዚሁ ምግብ ነው። ከሻላ በስተደቡብ ባለችው ጭቱ በምትባለው ትንሽ የእሳተ ገሞራ ሐይቅም በብዛት ይገኛል። የምሥራቅ አፍሪካ ትንሽ ፍላሚንጎ በብዛት የሚራባው በታንዛንያው ናትሮን ሐይቅ ነው፤ በእኛ ሐይቆች የምናየው መንጋ ኬንያንና ታንዛንያን አቋርጦ የሚመላለሰው ሕዝብ አካል ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ከአውሮፓና ከሳይቤሪያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎችና ቀጫጭን እግር ያላቸው የጭቃ ወፎች ዳርቻውን ይሞሉታል።

ሆኖም ፍላሚንጎ መኖሩን አይቶ «ሐይቁ ደህና ነው» ማለት አያስኬድም። መክረሩም ልክ አለው፤ ከልኩ ሲያልፍ አልጌውም ይለወጣል። ውኃው የሸሸበትን ሜዳ የረገጠ ሰው ነገሩን በእግሩ ያውቀዋል። ከላይ በሶዳ ቅርፊት የነጣ ደረቅ መሬት ይመስላል፤ ጥቂት እንደገፉ ቅርፊቱ ይሰበርና ጥቁር ጭቃ እስከ ጉልበት ይውጣል። ነፋስ ሲነሳ ያ ነጭ ዱቄት ዓይን ያቃጥላል፣ በግጦሹ ላይም ይበተናል።

የየብሱ ታሪክ ያጥራል፣ ሐዘኑ ግን አያንስም። በሐይቆቹ ዙሪያ የነበረው የግራር ጫካ ለአጋዘን፣ ለሜዳ ፍየል፣ ለከርከሮና ለሰጎን መጠለያ ነበር። ዛሬ ጎብኚ ሰጎንና የሜዳ ፍየል በቀላሉ የሚያየው በዋናው በር አቅራቢያ በታጠረው ክፍል ነው። ፓርኩ ሳይታሰብ ጀምሮ ይህ ምድር የአርሲ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች መሰማሪያ ነው፤ ከብቶቻቸው ጨዋማውን አፈር ይልሱበት ነበር። ድንበሩ ሲሰመር ኑሯቸው ከሒሳብ አለመግባቱ በኋላ ለመጣው ችግር በር ከፈተ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት በሌሎቹ የአገሪቱ ፓርኮች እንደሆነው ሁሉ እዚህም ጥበቃው ላላ፤ ሰፋሪው፣ አራሹና ከሰል አክሳዩ ገባ። ከሰሉ የት እንደሄደ ለእኛ መንገር አያስፈልግም። በዚያ መንገድ የተጓዘ ሁሉ በግራና በቀኝ በማዳበሪያ ከረጢት የቆመውን ከሰል አይቷል። ላምበረት ላይም ሻጩ «የግራር ነው» ካለ ዋጋው ይጨምራል፤ ፍሙ ስለሚቆይና ስለማይጨስ ቡና የሚያፈሉ ሰዎች ይመርጡታል። አንድ ግራር በዚያ ደረቅ አፈር ለዓመታት አድጎ ጥቂት ጀበና አፍልቶ ያልቃል።

በአንጻሩ ከተማችን የራሷን ጫካ ለመመለስ የምታደርገውን ጥረት አከብራለሁ። እንጦጦ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍ የወረሰው ጋራ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ብዙ ሰው ከዚያ ጫካ ጋር እንደ አዲስ ተዋወቀ። የአገር በቀል ዛፎች በተመለሱበት ጥግ ዲኩላ ይታያል፤ ጅቡም ሌሊት እስከ የካ መንደሮች ይወርዳል። በተዳፋቱ ላይ የቆመው ዛፍ ዝናቡን አዘግይቶ ወደ መሬት ስለሚያሰርገው ከታች ያለው ወንዝ በበጋ አንድ ነገር ይተርፈዋል። በአርሲና በጉራጌ ተራሮች ያለውም ጫካ ለዝዋይ የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው፤ እዚያ ተራቁቶ የታጠበ አፈር ደግሞ በከታርና በመቂ ተወስዶ በሐይቁ ውስጥ ደለል ይሆናል።

ስለ አብያታ በሚደረገው ንግግር ብዙ ጊዜ የሚቀድመው አጥርና የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ግራሩ ያለ እነሱ አይተርፍም። ሐይቁ ግን በአጥር አይሞላም። ለእሱ የሚወስነው በደረቁ ወራት ከዝዋይ በቡልቡላ የሚወርደው ውኃ ነው። እስካሁን በተግባር የሚታየው አሠራር ከላይ ያለው ሁሉ የቻለውን ያህል ስቦ የተረፈው ወደ ታች የሚለቀቅበት ነው፤ በድርቅ ዓመት ደግሞ የሚተርፍ አይኖርም። ስሌቱ መጀመር ያለበት ከታች፣ ከአብያታ ነው። ሐይቁ ቆሮሶ ሊኖርበት ወደሚችል ደረጃ እንዲመለስ በየወሩ ሊደርሰው የሚገባው መጠን ይለካና ቡልቡላ ላይ ይቆረጥለት፤ የፓምፑ ፈቃድ ከዚያ በኋላ ባለው ውኃ ላይ ይታደል። በክፍት ቦይ ፋንታ ቱቦና ጠብታ መስኖ የሚገባበት ማሳ ተመሳሳዩን ሽንኩርት በጣም ባነሰ ውኃ ያመርታል። የቱቦውን ወጪ ገበሬው ብቻውን መሸከም ስለማይችል ግን ከተማዋ፣ ምርቱን የምንበላው እኛ፣ ድርሻችንን ልንከፍል ይገባል።